ከመርዶ በፊት የጎበኘነው ሐይቅ

ሮም የገባሁት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው፤ ዛሬ ነጭ ነው፤ በመካከሉ ግን ጉብኝት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ኮሎሴዎ ሥር የቆምኩት ዝናብ አባሮኝ ነው። ቫቲካን የሄድኩት ጃንጥላ ልሸጥ ነው። ነጋዴ ከተማን የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ ጥላ የት እንደሚያርፍ፣ ፖሊስ የት እንደሚቆም፣ ሰው የትኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ እርምጃውን እንደሚያዘገይ። ከዚያ የተረፈው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ የትም አለ። ስለዚህ ሰናይት ቅዳሜ ከሰዓት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ነገ ብራቻኖ እንሄዳለን። ሐይቁን እናያለን፣ አስጎብኚ አለን፣ ትኬቱ ደግሞ በነጻ ነው» ስትለኝ፣ ከሁሉ ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ቃል ነው። እዚህ አገር በነጻ የሚታደል ነገር ብርድ ብቻ ነው።

ሰናይት የማኅበራችን ጸሐፊ ናት። ሰው ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲጠፋበት የሚደወለው ለእሷ ነው። ሰው ሲሞትም መርዶውን የምታሰናዳው እሷ ናት። ይህን ሥራ ከእኔ የተረከበችው ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ሲያምፅ ነው። እኅቴ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሣው ልጇ ነው፤ «ተኝታለች ጋሼ፣ ስትነቃ እናስደውላታለን» ይለኛል፤ ድምፁ በየቀኑ እየቀጠነ ሄዷል። እንግዲህ ሒሳቡን ለመሥራት እርሳስ አላስፈለገኝም። እትዬ ጥሩ ሞታለች፤ ቤት እስኪዘጋጅና ሰው እስኪሰበሰብ እኔን ከስልክና ከወሬ የሚያርቅ ቦታ ተፈልጓል፤ ቦታው ብራቻኖ ነው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ከዚያ ፊት ለፊቴ ለቆመችው ደንበኛ ሽሮዋን መዘንኩላት። ሚዛኑ ልክ ነበር። ሱቁን ዘግቼ ሐዘኑ እስኪመጣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። እንደ ሮም አውቶቡስ ሆነብኝ፤ ይመጣል ይባላል እንጂ አይመጣም።

እሑድ ጠዋት የሰናይት መኪና ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለው ሱቄ በር ላይ ቆመች። ከኋላ ወንበር እትዬ ለተ ተቀምጣለች። እትዬ ለተ፣ ሙሉ ስሟ ለተብርሃን፣ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ በዕድሜም በሮምም የምትቀድመኝ ሴት ናት። ካቶሊክ ናት፤ ጉዞና ድግስ ሲኖር ግን ከእኛ ጋር ኦርቶዶክስ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ የሮም ቤተሰብ ቤት ሠርታ፣ ልጆቹን አሳድጋ፣ ልጆቹ አድገው እናታቸውን ሲሸሹ እናትዮዋን እስከ መጨረሻዋ ያጠበች እሷ ናት። ልጅ የላትም፤ አስመራ ያለው ታናሽ ወንድሟ ተክለ ነው ልጇም ወንድሟም። በደመወዟ አስተማረችው፤ አስተማሪ ሆነ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፤ እሷ ግን አሁንም «ልጁ» ነው የምትለው።

«እትዬ ለተ፣ አንቺ እያለሽ እኔ ከፊት አልቀመጥም» አልኩ።

«ግባ ዘውዱ ሓወይ፤ ዛሬ ያንተ ቀን ነው፣ መስኮቱ ላንተ ይሁን» አለችኝ። ሓወይ በእነሱ ወንድሜ ማለት ነው፤ በደህና ቀን «አንተ ሽማግሌ» ነው የምትለኝ። አንዱ ምልክት ይኸው።

ሰናይት መኪናዋን እያስነሣች እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ፤ ቻርጅ ላድርግልዎ።»

«ሙሉ ነው እኮ።»

«ቢሆንም» አለች። የእትዬ ለተንም ተቀብላ ሁለቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቻርጀር የሚባል ነገር አላየሁም። ልጅቷ ጎበዝ ናት ግን በውሸት አልሠለጠነችም፤ እኔ ብሆን ቢያንስ ሽቦውን አሳይ ነበር።

መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በወይራና በጥድ መካከል ሲገባ እኔ ሐሳቤ ወደ ኋላ ነጎደ። እዚህ ከተማ ለእኛ ዕረፍት ማለት ሐሙስ ከሰዓት የነበረበት ዘመን ነበር። ሲኞራዎቹ፣ የየቤቱ እመቤቶች፣ ሁሉ የተማከሩ ይመስል ሠራተኞቻቸውን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር የሚለቁት። ሐሙስ ቴርሚኒ ጣቢያ አደባባይ አራት ኪሎ ነበረች። ሴቶቹ ሲኞራዎቻቸው የጣሉትን የጠጉር ካፖርት ለብሰው ይመጣሉ፤ ካፖርቱ የባለጸጋ፣ ጫማው የኛ። ወንዶቹ እግሩ ጋ እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ፣ ጆሮ የሚሸፍን ጎፈሬ። ቡና ሦስት መቶ ሊሬ፤ ቆመህ ከጠጣህ ነው፤ ከተቀመጥክ ወንበሩን የገዛኸው ያህል ያስከፍሉሃል፤ ስለዚህ አንድ ትውልድ ሙሉ ቆሞ ጠጣ። እኔ ሻንጣዬን ከፍቼ እቆማለሁ፤ በርበሬ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ከአገር ቤት የመጣ ካሴት። ካሴቱን ከመግዛታቸው በፊት በትንሿ ቴፔ አሰማቸዋለሁ። የትዝታ ዜማ የከፈትኩ ቀን ካሴት ይሸጣል፤ በርበሬ ግን አይሸጥም፤ ሆዳቸው ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ በርበሬውን እሸጥና ነው ክራሩን የምለቀው።

መርዶም ወደ ሐሙስ የተዛወረው ያኔ ነው። አገር ቤት ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል፤ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይረዳል። እዚህ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቻችን የሲኞራቸውን ቡና እያፈሉ ነው። በሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ዋይ አይባልም፤ ሲኞራ ትነቃለች፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሥራውም ይሄዳል። የሁሉን የዕረፍት ሰዓት የማውቅ ነጋዴ እኔ ስለነበርኩ ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር፤ እኔም ሐሙስን እጠብቃለሁ። ሟች ማክሰኞ ቢቀበር እንኳ ሴትዮዋ እስከ ሐሙስ አባት አላት። ከጣቢያው ጀርባ ጂኖ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው፤ የጓዳ ክፍሉን ይለቅልናል። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ግን ብዙ ሆነን፣ ዝም ብለን፣ አንዷን መሃል አድርገን ስንገባ ካየ የሙዚቃ ሣጥኑን ሶኬት ይነቅልና ውሃና ስኳር አዘጋጅቶ ይቆማል። ስንቱን እዚያ አረዳሁ። እና ሁልጊዜ ከመርዶው በፊት ሰውዬውን አበላው ነበር፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይሸከምም።

ብራቻኖ ደረስን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት፤ ጫፏ ላይ ትልቅ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሥር ሐይቁ ተዘርግቷል። አስጎብኚያችን ጁሊያ የምትባል ወጣት ናት፤ ቢጫ ጃንጥላ ወደ ላይ አንሥታ ትመራለች፤ እኛ እንደ ታቦት እንከተላታለን። ከእኛ ሌላ ጥቂት የውጭ ጎብኚዎች ነበሩ።

«እናንተስ ከየት መጣችሁ?» ብላ በጣልያንኛ ጠየቀች።

«ከቴርሚኒ» አለች እትዬ ለተ ቀበል አድርጋ።

ጁሊያ በግንቡ ዙሪያ እየመራች መሳፍንቱ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ማንን እንደመረዘ ነገረችን። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው ግንቡን ተከራይቶ ይሠርግበታል አለች። እትዬ ለተ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ሁሉ ድንጋይ ለአንድ ቀን ድንኳን?» አለችኝና ክንዴን ያዘች። ያዘችው ስላችሁ፣ አልለቀቀችውም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ያዘችኝ፣ ዳገቱን ስንወጣ ያዘችኝ፤ ከእኔ በላይ ጉልበቷ የሚያማት ሴት እኔን ደግፋ ስትሄድ ሰው ቢያየን ማን ማንን እንደሚመራ ግራ ይገባዋል። ቁልቁል ሐይቁን የሚያሳይ ሰገነት ላይ ስንደርስ ጁሊያ እሳተ ገሞራ እንደነበረ፣ አፉ ሰምጦ ውሃ እንደሞላው አስረዳች። በሞተር ጀልባ መሮጥ የተከለከለ ነው አለች፤ ውሃው የሚጠጣ ስለሆነ።

ይህን ዓይነት ሐይቅ አውቀዋለሁ። ቢሾፍቱ ሆራ እንዲሁ ነው፤ ክብ፣ ዝም ያለ፣ ከላይ ሆነህ የምታየው። ልጅ ሆኜ አንዴ እትዬ ጥሩ ወስዳኛለች። እሷ ሸማ ተራ ትሸጥ ነበር፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔን ከሸማዎቹ መሃል አስቀምጣ ነው ያሳደገችኝ። አውቶቡሱ ውስጥ የተሳፋሪው ዶሮ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ካኪ ቁምጣ፣ እሷ አረንጓዴ ሹራብ በነጭ ቀሚስ። በስሙኒ ሸንኮራ ገዛችልኝ፤ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ እሷ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ ትዘፍናለች። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከኋላዬ የሸሚዜን ጫፍ ጨብጣ ቆመች፤ እንዳልገባ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። የሹራቡ ቀለም፣ የሸንኮራው ልጣጭ፣ ሁሉም መጣ። እንባው ብቻ አልመጣም። ሰገነቱ ላይ ቆሜ የብረቱ አጥር መቼ ቀለም እንደተቀባ መገመት ጀመርኩ። እኅቱ የሞተችበት ሰው የአጥር ቀለም አያይም ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ቁጣውም ሩቅ ቤት እንደሚጮህ ሰው ሆነብኝ።

«ተክለ ይህን ቢያይ» አለች እትዬ ለተ ውሃውን እያየች። «ሰናይት፣ ፎቶ አንሺልኝና ላኪለት። ጂኦግራፊ ነው ያስተማረው፤ ስለ እሳተ ገሞራው እሱ ለእኔ ያስረዳኛል።»

ሰናይት ፎቶውን አነሣች። ከዚያ ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ጠረገች። ለእኔ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሁሉም ነገር ለእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ምሳ ሐይቁ ዳር ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ መጣ። ሰናይት ሳህኔን ሞላችው፤ ስጨርስ ደገመችኝ። «ይብሉ ጋሼ፣ እትዬ ለተ እርስዎም ይብሉ፣ ዳቦ ይጨምሩ።» እትዬ ለተም ከራሷ ሳህን እየቆረጠች ታጎርሰኛለች። «ብላ ዘውዱ፣ ሰው ሳይበላ አይበረታም።» ዓይኗ በእንባ ሞልቷል፤ የዓሣ እሾህ ነው ትላለች። እኔ እያኘክሁ፣ እነዚህ ሁለት ሴቶች ሊያረዱኝ ያዘጋጁት ድግስ ነው፣ እኔ ራሴ ባዘጋጀው ኖሮ ከዚህ የተሻለ አልሠራም ነበር ብዬ አደነቅኳቸው። ዓሣው ጨው አንሶታል። ይህን አልኩ እንኳ፤ ጨው አንሶታል ብዬ ተናገርኩ። እትዬ ለተ በዚህች ቃል ፈነዳች፤ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች።

ሰናይትና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሰለቸኝ። ሰው በራሱ ልቅሶ ላይ እንግዳ ሆኖ የሚቀመጥበት ጊዜ ልክ አለው።

«ሰናይት» አልኳት፣ «እኔ ነኝ እኮ። ይህን ሥራ ከአንቺ በፊት ሠርቼዋለሁ። መቼ ሞተች?»

«ማን?»

«እትዬ ጥሩ።»

«እትዬ ጥሩወርቅ? ጋሼ! ዛሬ ጠዋት ደውለው አይደል እንዴ! ግንቡን እያያችሁ ሳለ በእርስዎ ስልክ ደወሉ፣ እኔ አነሣሁት። ተሽሏቸዋል፤ ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ። 'ያ ከንቱ የት ሄዶ ነው የማያነሣው' ብለው ተሳደቡ። ጉብኝት ላይ ናቸው ስላቸው ሣቁ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ…»

ሰናይት ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየች። እኔም አየሁ።

«ተክለ?» አልኩ።

«ዓርብ። ልቡ ነው አሉ። እትዬ ለተን ጉዞ ብላቸው እምቢ ይላሉ፤ ስለዚህ 'ጋሽ ዘውዱ ሐዘን ደርሶባቸዋል፣ ገና አልሰሙም፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብረውን ይምጡ' አልኳቸው። ለሌላ ሰው ከሆነ እንደማይቀሩ አውቃለሁ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ ጋሼ? አጃቢ ማወቅ የለበትም፣ ያወቀ ሰው ፊቱ ያወጣል፣ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

እኔ ነኝ። ጂኖ ቤት፣ ቴርሚኒ፣ ስንት ሰው አጃቢ አድርጌ ሳይነግሩት ልኬያለሁ። በራሴ ቢላ በመታረዴ ቅር አላለኝም፤ ቢላው አሁንም እንደሚሠራ ነው ያየሁት። እኅቴ በሕይወት አለች፤ እየተሳደበች፤ ነገ ቤቷ ትገባለች። ለዚህ ሰው ይዘላል፣ እልል ይላል። እኔ ግን ሐዘኑን እንደጠበቅኩት ደስታውንም ጠበቅኩት፤ ሁለቱም በአንድ መስመር የሚሠሩ ናቸው መሰለኝ። በሩ ተከፍቶ እትዬ ለተ ዓይኗን ታጥባ መጣች።

«ይቅርታ ሓወይ» አለችኝ፤ «ላበረታህ መጥቼ እኔው ባስኩ።»

«አይ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ጉብኝቱ በጀልባ ነው የሚያልቀው። ጁሊያ እጇን ወደ ማዶ እየዘረጋች የመንደሮቹን ስም ትጠራለች። እትዬ ለተ ከጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን ለሁለታችን አለበሰችን። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ፊቴን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ደስ ያለው እንዳይመስል፣ ያወቀም እንዳይመስል። ስለዚህ እሷ እንዳሰበችኝ ሆንኩ፤ የሚረዳውን መርዶ የሚጠብቅ ሰው። አንገቴን ደፋሁ። ላልሞተ ሰው ማልቀስ ከበደኝ እንጂ ለመተከዝ ብዙ አልተቸገርኩም፤ ጠዋቱን ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። እሷ ጀርባዬን ትደባብሳለች። ወንድሟ አፈር ከገባ ወዲህ ያጽናናችው ሰው እኔ ነኝ፤ ያጽናናችኝም በማይገባኝ ሐዘን። ጸጥ ብዬ ተቀበልኩ። ብገፋው ታውቃለች።

«ታላቅ እኅት እናት ናት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለተክለ ግን አሁን እኔ ነኝ ሕፃኗ። ገና ይቆጣኛል፤ መድኃኒትሽን ዋጥሽ? በረንዳ ላይ አትቀመጪ፣ ይለኛል። እንዴት ያለ ነገር ነው፤ እኔ ያሳደግኩት እኔን ሊያሳድግ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አልኩ። «ነበር» እንዳይወጣኝ ምላሴን ነክሼ።

ወደ ሮም የተመለስነው ጀምበር ሳትገባ ነው። እትዬ ለተ ከኋላ ሆና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለች፤ በመሃል «አይዞህ» ትላለች፤ እኔ «እሺ» እላለሁ። ከተማው ገባን። ኤስኲሊኖ ደረስን፤ የገበያው ድንኳኖች ተዘግተዋል፤ የሱቄን መዝጊያ ከሩቅ አየሁት። መኪናው አልቆመም፤ ትራሙን ተከትሎ ወደ ቶርፒኛታራ፣ ወደ እትዬ ለተ ሰፈር ቀጠለ።

«ሰናይት፣ የዘውዱን መንገድ አለፍሽው እኮ» አለች እትዬ ለተ።

«መጀመሪያ እርስዎን እናድርስ ብዬ ነው እትዬ።»

«እኔንማ ምን ታደርሺኛለሽ! ዛሬ ዘውዱን ትቼ የትም አልሄድም። እዚያው አብሬው አድራለሁ። ተመለሺ!»

ሰናይት አልተመለሰችም። በመስተዋቱ አየችኝ፤ ያ ደፋር ፊቷ ሕፃን ሆኗል፤ ይርዱኝ ነው የሚለው። በዘመኔ ያንን ያህል ሰው ሳረዳ የሚባለው አይጠፋኝም ነበር፤ የሚጀመርበት ነገር አለ፣ የሚዞርበት አለ፣ ሽማግሌው የሚገባበት አለ። አንዱም አልመጣልኝም።

መኪናው ቆመ። በእትዬ ለተ በር ፊት ለፊት ሰዎቻችን ቆመዋል። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደታች አዘቅዝቀው፤ ከመካከላቸው አንድ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ቄስ አሉ። እትዬ ለተ በመስኮቱ አየቻቸው። እጇ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው።

«ለምን እኔ ቤት ሰበሰባችኋቸው?» አለች። «ዘውዱ ቤት እያለው ለምን እኔ ቤት?»

ሰናይት መሪውን ይዛ አንገቷን ደፋች። እኔ ዞርኩ። እትዬ ለተ ሰናይትን አላየችም፣ በሩ ላይ የቆሙትንም አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«ዘውዱ፣ ሐዘኑ ያንተ ነው አይደል?» አለችኝ።

«የእኔ አይደለም እትዬ ለተ» አልኳት።